በመደብሬ ደጃፍ የሚለምኑትን ፖሊስ ለምን አያስነሣልኝም? የሲያትል ደንብና አፈጻጸሙ

የቀረበው ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ በሲያትል ሬኒየር ጎዳና ላይ እንጀራ፣ በርበሬና ቡና የሚሸጡበት አነስተኛ መደብር አላቸው። ከደጃፋቸው ሁለት ሰዎች በየቀኑ ይለምናሉ። አንደኛው ወጣት ነው፤ ደንበኞችን እስከ መኪናቸው ድረስ ይከተላል፣ አንዳንዴም መንገድ ይዘጋባቸዋል። ሁለተኛው በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ የወተት ሣጥን ገልብጦ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥና ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ይዞ ዝም ብሎ ይውላል። ጠያቂዋ ፖሊስ ሦስት ጊዜ ጠርተዋል። ሁለት ጊዜ መጥቶ «ምንም ማድረግ አንችልም» ብሎ ሄዷል፤ በሦስተኛው አልመጣም። «ከተማው ልመናን የሚከለክል ሕግ እንዳለው ሰምቻለሁ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2024 ፈቅዷል ይባላል። ታዲያ ለምን አይተገበርም? እኔስ ምን ማድረግ እችላለሁ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። በዚህ መልስ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲያትል ልመናን በጠቅላላው የሚከለክል ደንብ የላትም፤ ብታወጣም ፍርድ ቤት ፊት አይጸናላትም። ያላት በከተማው የወንጀል ደንብ ውስጥ የሚገኝና በእንግሊዝኛው «ፔደስትሪያን ኢንተርፊረንስ» ተብሎ የሚጠራ፣ እኛ እግረኛን ማወክ ልንለው የምንችለው ድንጋጌ ነው። ይህ ድንጋጌ የሚያስቀጣው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በሕዝብ ቦታ ላይ ሆን ብሎ የእግረኛን ወይም የተሽከርካሪን መተላለፊያ መዝጋትና በማስፈራራት መለመን። መዝጋት ማለት ሌላው ሰው ማለፍ እንዳይችል፣ ወይም ላለመነካካት ሲል ከመንገዱ ዘወር ለማለት እንዲገደድ አድርጎ መቆም፣ መራመድ፣ መቀመጥ፣ መተኛት ወይም ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ማስፈራራት ደግሞ ማንኛውንም አመዛዛኝ ሰው የሚያስፈራ ወይም «ካልሰጠሁ አይለቀኝም» የሚያሰኝ አድራጎት ነው። ልመና የሚለው ቃል ራሱ በደንቡ ሰፊ ትርጉም ተሰጥቶታል፤ በቃል ይሁን በእጅ ምልክት ወይም በጽሑፍ፣ ገንዘብ ወይም ዕቃ በምጽዋት መልክ መጠየቅ ሁሉ ልመና ነው። ነገር ግን በደንቡ ልመና መሆኑ ብቻውን ማንንም አያስጠይቅም። አድራጎቱ ቀላል ወንጀል ሲሆን፣ በዋሽንግተን ግዛት ለቀላል ወንጀል የተቀመጠው ጣሪያ 90 ቀን እስራትና 1,000 ዶላር መቀጮ ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ይህንኑ ደንብ መርምሮ ያጸናው፣ ሆን ብሎ መፈጸምን ስለሚጠይቅ ሳያስበው መንገድ ላይ የቆመን ሰው አይነካም በሚል ምክንያት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅርበት ላሳይዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእርስዎን የመሰለ አቤቱታ ከነበራቸው የመደብር ባለቤት ጋር ተቀምጬ የደጃፋቸውን ካሜራ ቅጂ ተመልክቻለሁ። ቅጂው ድምፅ አልነበረውም። አመሻሽ ላይ አንዲት እናት በአንድ እጇ ሕፃን፣ በሌላው ፌስታል ይዛ ወጣች። የሚለምነው ሰው ጠጋ ብሎ አናገራት፤ እርሷም በእምቢታ ጭንቅላቷን ነቀነቀችለት። ወደ መኪናዋ ስትሄድ ተከተላት፣ ቀድሟትም ከመኪናው በርና ከእርሷ መካከል ቆመ፣ መዳፉንም በመስታወቱ ላይ አሳረፈ። እርሷ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችና ከእግረኛው መንገድ ወርዳ፣ መኪናውን በአስፋልቱ በኩል ዞራ በሌላው በር ገባች። በዚያ ቅጂ ውስጥ ወንጀሉ ያለው ከጭንቅላቷ ንቅናቄ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። ከዚያ በፊት የተደረገው ሁሉ፣ መጠጋቱም መጠየቁም፣ በሕግ የተጠበቀ ነው። በአገራችን «እግዜር ይስጥህ» ሲባል የኔ ቢጤው ልመናውን አቁሞ ወደ ሚቀጥለው ደጅ እንደሚያልፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ የከተማው ደንብም በተግባር የሚመለከተው ከዚያ ቃል በኋላ የሆነውን ነው። የመደብሩ ባለቤት ግን ለፖሊስ በሰጡት የጽሑፍ ቃል ውስጥ የነበረው ዓረፍተ ነገር «ይህ ሰው በየቀኑ እየለመነ ደንበኞቼን ያባርራል» የሚል ብቻ ነበር። ስለ መኪናው በር፣ ስለ መዳፉም ሆነ ወደ አስፋልት ስለመውረዷ አንድም ቃል አልነበረም። ያ ጽሑፍ ማንንም ሊያስከስስ አይችልም ነበር።

ከተማው ልመናን ለምን መከልከል አይችልም ለሚለው፣ መነሻው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980 በኢሊኖይ የምትገኘው ሻምበርግ ከተማ የበጎ አድራጎት ገንዘብ አሰባሰብን በመገደቧ በቀረበው ክርክር፣ ለበጎ ሥራ ገንዘብ መጠየቅ ከሐሳብ ገለጻ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ የንግግር ነፃነት ጥበቃ እንዳለው ወስኗል። ለድርጅት የሚጠይቅ ሰው ከተጠበቀ፣ ለራሱ ራት የሚጠይቀው የማይጠበቅበት ምክንያት አይኖርም የሚለው ሐሳብ በሥር ፍርድ ቤቶች እየተስፋፋ ሄደ። ነገሩን የቆረጠው ግን ከልመና ጋር ምንም የማይገናኝ የሚመስል የ2015 ውሳኔ ነው። በአሪዞና ጊልበርት የምትባል ከተማ የፖለቲካ ምልክቶች ትልቅ ሆነው ለረጅም ጊዜ እንዲቆሙ ስትፈቅድ፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ጸሎቷን ቦታ የሚጠቁመውን ሰሌዳ ግን ከጸሎቱ 12 ሰዓት በፊት ብቻ እንድታቆምና ከአንድ ሰዓት በኋላ እንድታነሣ ታስገድድ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሕጉ መጣሱን ለማወቅ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሕጉ በይዘት ላይ የተመሠረተ ነውና በጣም ጥብቅ በሆነው መመዘኛ ይፈተናል አለ። በዚያ መመዘኛ የተፈተነ ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል።

ይህ መርሕ በልመና ደንቦች ላይ ምን እንዳደረሰ ወዲያው ታየ። ሁለት ሰዎች በእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው፣ አንዱ «ሰዓት ስንት ነው?» ሌላው «አንድ ዶላር አለዎት?» ቢሉ፣ የትኛውን መያዝ እንዳለበት ለማወቅ ፖሊሱ ያሉትን መስማት አለበት። በኢሊኖይ ዋና ከተማ በስፕሪንግፊልድ፣ በመሃል ከተማው ታሪካዊ ክልል ውስጥ ወዲያው የሚሰጥ ገንዘብ በቃል መጠየቅን የሚከለክል ደንብ ነበር፤ ጽሑፍ ይዞ መቆምና በኋላ የሚላክ ገንዘብ መጠየቅ ግን ተፈቅዶ ነበር። 7ኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ደንብ በ2014 ካጸናው በኋላ፣ የጊልበርት ውሳኔ ሲወጣ በነሐሴ 2015 የራሱን ውሳኔ ሽሮ ደንቡን ጣለው። በማሳቹሴትስ የሎዌልና የዉስተር ደንቦች በዚያው ዓመት ወደቁ። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ከታኮማ አጠገብ ያለችው የሌክዉድ ጉዳይ ነው። ሌክዉድ በፍሪዌይ መግቢያና መውጫ እንዲሁም በዋና ዋና መንገዶች መገናኛ ላይ መለመንን ትከለክል ነበር፤ አንድ ሰውም በዚሁ ተከሶ ጥፋተኛ ተብሎ ነበር። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ጥፋተኝነቱን ሻረ፤ ደንቡ በዚያ ቦታ መቆምን ወይም ከአሽከርካሪ ጋር መነጋገርን ሳይሆን መለመንን ለይቶ ስለከለከለ። ይህ ውሳኔ ሲያትልን ጨምሮ በግዛቱ ያሉ ከተሞችን ሁሉ ያስገድዳል። በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦስቲን ከተማ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ጉዳይ የጊልበርትን መርሕ ጥቂት አላልቶታል፤ የከተማ ጠበቆችም ይህን እየጠቀሱ መከራከራቸው አልቀረም። የሌክዉድ ውሳኔ ግን በዚህ ግዛት እስካለ ድረስ ልመናን ለይቶ በሚከለክል ደንብ ላይ ተስፋ እንዲጥሉ አልመክርዎትም።

ይህን ስናገር አንዳንድ ወገኖቼ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ። ነገር ግን ይኸው ጥበቃ ለእኛም እንደቆመ ማስታወስ ያስፈልጋል። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ፣ ለታመመ ወገን ማሳከሚያ ወይም አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመሸኛ በየእግረኛው መንገድ ሙዳይ ይዘን ስንቆም የቆምነው በዚሁ መብት ነው። ከተማው የእኛን ሙዳይ ትቶ የዚያን ሽማግሌ ካርቶን ብቻ ሊከለክል አይችልም።

በ2024 «ፈቅዷል» የተባለው ውሳኔ የኦሪገኗን ግራንትስ ፓስ ከተማ የሚመለከት ነው። በሰኔ 28 ቀን 2024 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ የተወሰነው፣ መጠለያ የሌለውን ሰው በሕዝብ ቦታ ላይ በማደሩ መቅጣት በስምንተኛው ማሻሻያ የተከለከለ ጭካኔ የተሞላበት ቅጣት አይደለም የሚል ነው። ነገሩ ስለ ድንኳንና ስለ ብርድ ልብስ ነው፤ ስለ ልመና አንዳች የወሰነው ነገር የለም፣ የመጀመሪያው ማሻሻያም በጉዳዩ ውስጥ አልተነሣም። እርስዎ እንደሚነግሩን ሁለቱ ሰዎች ከደጃፍዎ ይለምናሉ እንጂ አያድሩም።

ሲያትል ራሷ ጠንከር ያለ ደንብ ለማውጣት ሞክራ ነበር። በ2010 የምክር ቤት አባሉ ቲም በርጀስ ያቀረቡት ረቂቅ፣ እምቢ ከተባለ በኋላ ደጋግሞ መጠየቅን፣ መንገድ መዝጋትን፣ እንዲሁም በኤቲኤምና በፓርኪንግ መክፈያ ማሽን አጠገብ መለመንን በ50 ዶላር መቀጮ የሚያስቀጣ ነበር። ምክር ቤቱ አምስት ለአራት አሳለፈው፤ ከንቲባ ማይክ መጊን ግን ሳይፈርሙበት መለሱት፣ ምክር ቤቱም የከንቲባውን ውሳኔ ለመሻር የሚበቃ ድምፅ አላገኘም። በዚያን ጊዜ ተቃዋሚዎች «ያለው ደንብ ይበቃል» ሲሉ፣ ደጋፊዎች ደግሞ «ያለው ደንብ ሆን ብሎ ማስፈራራትን ስለሚጠይቅ ለማስረዳት ይከብዳል» ይሉ ነበር። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ልክ ነበሩ። ረቂቁ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ የኤቲኤሙና የመክፈያ ማሽኑ ክፍል ከ2016ቱ የሌክዉድ ውሳኔ በኋላ የሚቆም አልነበረም፤ መንገድ መዝጋትን የሚመለከተው ክፍል ደግሞ አስቀድሞም በእጃችን ነበረ። ስለዚህ አዲስ ደንብ እንዲወጣ ከመጠበቅ ያለውን ለመጠቀም የሚያበቃ ማስረጃ ማዘጋጀቱ የተሻለ ነው።

ሌላም ደንብ አለ፤ ጠያቂያችን ሳይሰሙት አይቀሩም። በ1993 የከተማው ዐቃቤ ሕግ በነበሩት ማርክ ሲድራን ግፊት የወጣው ይህ ደንብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በመሃል ከተማና በሰፈር የንግድ አካባቢዎች በእግረኛ መንገድ ላይ መቀመጥንና መተኛትን ይከለክላል፤ በወንበር ወይም በሌላ ነገር ላይ መቀመጥንም ይጨምራል። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1996 ያጸናው መቀመጥ በራሱ ንግግር ስላልሆነ ነው። የአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ ወንበርና ድንገተኛ ሕመም ከክልከላው ውጪ ናቸው፤ ፖሊስም አስቀድሞ ሳያስጠነቅቅ መክሰስ አይችልም። በዚህ ደንብ መሠረት የሽማግሌው የወተት ሣጥን ጥያቄ ሊነሣበት ይችላል። ነገር ግን ፖሊስ መጥቶ ቢያስጠነቅቀው ሰውዬው ይነሣና ካርቶኑን ይዞ በዚያው ቦታ ይቆማል፤ ቆሞ መለመኑን የሚከለክል ነገር የለም። እርስዎ ያተረፉት አንድ አረጋዊ ቀኑን ሙሉ በእግሩ እንዲቆም ማድረግን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ለወጣቱ ጉዳይ የሚያስፈልግዎትን የፖሊስ ትዕግሥት በሣጥኑ ላይ ይጨርሱታል። በዚህ ምክንያት ይህን መንገድ እንዲሄዱበት አልመክርም።

አሁን ፖሊስ መጥቶ «ምንም ማድረግ አንችልም» ያለበትን ምክንያት እንመልከት፤ የጥያቄዎ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ መሠረት ፖሊስ አንድን ሰው በቀላል ወንጀል ያለ መያዣ ትእዛዝ ሊይዝ የሚችለው፣ በመርሕ ደረጃ፣ ወንጀሉ በፊቱ ሲፈጸም ብቻ ነው። ወጣቱ ደንበኛዎን አስጨንቆ፣ ደንበኛዋ ሄዳ፣ ፖሊሱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲደርስ የሚያየው በግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው ነው። መንገድ መዝጋቱ በፊቱ አልተፈጸመም፤ ስለዚህ በዚያ ብቻ ሊይዘው ሥልጣን የለውም። ለዚህ መርሕ ግን ሕጉ ራሱ ያስቀመጣቸው ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ከእነርሱም ሁለቱ በቀጥታ ይመለከቱዎታል። አንደኛው በሰው ወይም በንብረት ላይ ጉዳት ማድረስን ወይም ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ መዛትን የሚመለከት ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝኛው «ትሬስፓስ» የምንለው፣ ወደ ግል ይዞታ ያለ ፈቃድ መግባት ወይም ውጣ ሲባል አልወጣም ማለት ነው። በእነዚህ ሁለቱ፣ ፖሊሱ ራሱ ባያይም በቂ ምክንያት ካለው መያዝ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው፣ ስልክ ሲደውሉ የሚናገሩት ቃል ውጤቱን የሚለውጥ መሆኑ ነው። «ለማኝ አስቸግሮኛል» ካሉ የሚሰማው ሰው በወረፋው መጨረሻ ያስቀምጥዎታል፤ በሕጉ አነጋገር የነገሩት ወንጀል የለምና። «አንድ ሰው አሁን ከደንበኛዬ ፊት ቆሞ ወደ መኪናዋ እንዳትገባ ከልክሏታል» ካሉ ግን በመፈጸም ላይ ያለ ድርጊት ነግረዋል። ዛቻ ከነበረ፣ ደንበኛዋ የሰማችውን ቃል በቃል ይድገሙት። «ካልሰጠሽኝ መኪናሽን እጭረዋለሁ» የሚል ንግግር ልመና መሆኑ አብቅቷል፤ በንብረት ላይ ጉዳት ለማድረስ መዛት ነው፣ በዚያ ዛቻ ገንዘብ ከተወሰደ ደግሞ ነገሩ እጅግ ከባድ ወደ ሆነው የዝርፊያ ወንጀል ያልፋል። እየተፈጸመ ላለ ነገር 911፣ ላለፈ ነገር 206-625-5011 ይደውሉ። እንግሊዝኛው ከከበደዎት «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በጭንቀት ጊዜ በሰባራ እንግሊዝኛ «ቤጊንግ» የሚለው ቃል ብቻ ወጥቶ ዋናው ድርጊት ሳይነገር የቀረባቸው አቤቱታዎች ብዙ አጋጥመውኛል።

ፖሊሱ በቦታው ሳይዘው ቢሄድም ነገሩ አላበቃም። የአቤቱታ ቃል ተቀብሎ መዝገብ እንዲከፍት ይጠይቁ፣ የመዝገቡንም ቁጥር ይያዙ። መዝገቡ ለከተማው ዐቃቤ ሕግ ሊላክና ክስ በማዘጋጃ ቤቱ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ለዚያ ግን ከመደብሩ ባለቤት ይልቅ የሚፈለገው መንገድ የተዘጋባት ደንበኛ ናት። ፈራሁ ወይም ለመስጠት ተገደድሁ ማለት የምትችለው እርሷ ናት፤ ተከሳሹም ምስክሩን ፊት ለፊት የመጠየቅ ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው። አብዛኛው ጉዳይ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ደንበኛዋ ስሟን ሳትሰጥ ትሄዳለች። ስለዚህ ነገሩ እንደደረሰ ፈቃደኛ ከሆነች ስሟንና ስልኳን ይቀበሉ፣ ያየችውንም በራሷ ቃል፣ በዕለቱ እንድትጽፍ ይለምኗት። የካሜራውን ቅጂ ሳይጠፋ ያስቀምጡ፤ ብዙ ካሜራዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቆየውን በአዲስ ይተካሉና። አንድ ቀን ብቻ አይበቃም፤ ሆን ብሎ ማድረጉን የሚያስረዳው መደጋገሙ ነው። በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ላይ፣ እምቢ ከተባለ በኋላ በመኪና በር ፊት የቆመ ሰው ሳላስበው ነው ቢል የሚያምነው ዳኛ አይኖርም።

ከክሱም ቢሆን ብዙ አይጠብቁ። በዚህ ዓይነት ጉዳይ የሚከሰሱት ብዙዎቹ በአእምሮ ሕመም ወይም በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዱ ናቸው፤ የአእምሮ ብቃት ጥያቄ ሲነሣ ክሱ ይቆማል፣ በቀላል ወንጀል ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው ይዘጋል። መቀጮም የሚፈለገውን አያመጣም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021፣ በመኪናው ውስጥ ይኖር የነበረ የሲያትል ነዋሪ መኪናው ተጎትቶ 547 ዶላር ከ12 ሳንቲም እንዲከፍል መጠየቁ ከአቅሙ አንጻር ከመጠን ያለፈ መቀጮ ነው ሲል ወስኗል። ኪሱ ባዶ በመሆኑ ምክንያት የሚለምንን ሰው ገንዘብ ክፈል ማለት በሕግም በአመክንዮም አያስኬድም፤ እኔ በበኩሌ ከተሞች ይህን መንገድ ደጋግመው ሲሞክሩት ማየት ያሳዝነኛል።

በእርስዎ ጉዳይ ፈጥኖ የሚሠራው ያ ሁለተኛው ልዩ ሁኔታ፣ ማለትም የግል ይዞታ ነው። በመንገዱ ዳር ያለው የእግረኛ መተላለፊያ የሕዝብ ነው፤ ከዚያ ማንንም ማስነሣት አይችሉም። ነገር ግን ከመስታወቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለው የበሩ ዋሻ፣ ደረጃው፣ ከሕንፃው ጋር የተያያዘው ፓርኪንግ ብዙ ጊዜ የሕንፃው ባለቤት ይዞታ ነው። ደንበኞችዎ መኪናቸውን የሚያቆሙት በዚያ ፓርኪንግ ከሆነ፣ ወጣቱ እስከ መኪና ድረስ በተከተላቸው ቁጥር የሚቆመው በግል መሬት ላይ ነው። የኪራይ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። ውሉ የሚሰጥዎት መደብሩን ብቻ ከሆነና ፓርኪንጉ በአከራዩ እጅ ከቀረ፣ ሰው ከዚያ የማስወጣት ሥልጣን የአከራዩ ነው፤ እርሱ ሥልጣኑን ለእርስዎ የሚሰጥበት አንድ ገጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ ለወጣቱ፣ ምስክር ባለበት፣ ዳግመኛ ወደዚህ ይዞታ እንዳይገባ በቃልም በጽሑፍም ይንገሩት፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባ ለፖሊስ የሚሰጡት የአከራዩን ደብዳቤ፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂና የካሜራውን ምስል ነው። ያኔ ፖሊሱ በዓይኑ ማየት አያስፈልገውም። ማስጠንቀቂያው ግን በአድራጎቱ ምክንያት ለእርሱ የተሰጠ ይሁን፤ በመልክ ወይም በዘር ለይቶ ማባረር ራስዎን በመድልዎ ያስከስስዎታል።

በገዛ እጅዎ ምንም እንዳያደርጉ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። መግፋት፣ ዕቃውን አንሥቶ መጣል፣ ውኃ መርጨት፣ ሁሉም በእርስዎ ላይ የሚዞሩ ወንጀሎች ናቸው። በ2023 መጀመሪያ በሳን ፍራንሲስኮ አንድ የሥዕል መደብር ባለቤት ከደጃፉ አልነሣም ባለች ቤት አልባ ሴት ላይ በጎማ ውኃ ሲረጭ በቪዲዮ ተቀርጾ በአካል ላይ ጥቃት በማድረስ ተከሷል። ያ ሰው ደጋግሞ ሲያመለክት መቆየቱን ተናግሮ ነበር፤ አቤቱታው ግን በሙሉ በዚያች ቪዲዮ ተዋጠ።

ከክስ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ መንገድም አለ። ሲያትል በ2011 በቤልታውን ሰፈር የጀመረችውና «ሊድ» ተብሎ የሚጠራው ፕሮግራም፣ በተደጋጋሚ በቀላል ወንጀል የሚያዙ ሰዎችን ከእስር ይልቅ ከጉዳይ ተከታታይ ሠራተኛ ጋር ያገናኛል፤ ከነዋሪዎችና ከነጋዴዎች የሚመጣ ጥቆማም ይቀበላል። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከተማው «ኬር» በሚባለው መሥሪያ ቤት በኩል ለአንዳንድ ጥሪዎች መሣሪያ ያልያዙ የማኅበራዊ ቀውስ ባለሙያዎችን ይልካል። ስለ ወጣቱ ሲጠቁሙ «አስነሡልኝ» ከማለት ይልቅ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚናገር፣ መቼ ደህና ሆኖ መቼ እንደሚባባስ ይንገሯቸው። በየቀኑ የሚያየው ሰው እርስዎ ነዎት፤ ይህን ከእርስዎ በቀር ማንም ሊነግራቸው አይችልም።

ሽማግሌውን በተመለከተ ግን ሕጉን ትተው ራስዎ ያነጋግሩት። ሣጥኑን ከበሩ መክፈቻ ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጎ፣ ጋሪ የሚገፉ እናቶችና ምርኩዝ የያዙ ሰዎች ሳይጠጉት እንዲያልፉ በግድግዳው በኩል ቢቀመጥ እርስዎ ፖሊስ እንደማይጠሩበት ይንገሩት። ጠዋት ሲከፍቱ ሰላምታ ይስጡት። በዚህ ሥራ ውስጥ ባየኋቸው ዝም ብሎ የመቀመጥ ጉዳዮች፣ ባለመደብሩ ሰውዬውን በስሙ ጠርቶ ቦታውን ሲያመለክተው አልነሣም ያለ ሰው አንድም አላጋጠመኝም። በወጣቱ መዝገብ ውስጥ ደግሞ የሽማግሌውን ስም አያስገቡ፤ ሁለቱን በአንድ አቤቱታ ካዋሐዱ ዐቃቤ ሕጉ የሚያነበው ልመናን የሚቃወም የመደብር ባለቤት ቅሬታ ይሆንና የመኪናው በር ታሪክ ከሥሩ ይቀበራል።